ሚጣ ተኩስ ያስቆመችበት ቀን

ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት ሚጣ ተብላ ስትጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይህቺ ሴት እንደዚያ ነበረች። ወንድሟ በስድስት ዓመቷ ያወጣላትን ስም ጎረቤት ወሰደው፣ ከጎረቤት ባለሱቁ ወሰደው፣ ከዚያ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ድረስ ተከትሏት ገባ። የሰው ደም በማይክሮስኮፕ አይታ ማን ምን እንደታመመ የምትለይ፣ ዶክተሮች ደውለው «እርግጠኛ ነሽ?» የሚሏት ሴት፣ ሚጣ! እናቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ወንድሟ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በሁለት ቃል እጨርሰው ነበር። ክፉ አይደለም፤ ጣጣው እሱ ላይ ነው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ሃያ ዓመቱ፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርቱን ጣጥሎ ከባድ መኪና ላይ ወጣ። ፀጉር መጎንጎን ከጎረቤት ተምሮ በገዛ እጁ ጎንጉኗት ትምህርት ቤት አደረሳት። በኋላ አንዲት መኪና ገዛና መንዳት የሚያስተምር ሰው ሆነ፤ «መምህር» የሚለው ስም ያኔ ወጣለት። ሚስት አላገባም። «ለእህቴ ብዬ ነው» የሚል ቃል አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም፤ ምን ያደርጋል፣ እሱን ወክሎ ጎረቤቱ በየቀኑ ይለዋል። «እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ!» ይላሉ። ሚጣም «አሜን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የእሷ ክፍል ከኋላ ነው፣ መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ያያል። እሱ የሚተኛው ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ሥር ያለው ሶፋ ላይ ነው። «ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ እኔን ያገኛል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሌባ ሲገባ እሱን ያገኛል፤ ሚጣም ስትወጣ እሱን ታገኛለች። ጠዋት ነጭ ጋውኗን ካውያ አድርጎላት ሥራ ያደርሳታል። ማታ ሥራ ስትለቅ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ «ሰዓቱ» ብለውታል፤ እሱ ብቅ ሲል ዕቃ መሰብሰብ ይጀምራሉ። መኪናዋ የማስተማሪያ ስለሆነች በተሳፋሪው በኩል ሌላ ፍሬን አላት፣ ሚጣም እሱን እንዳትረግጥ እግሯን ሰብስባ ነው የምትቀመጠው። የከተማውን ግማሽ መንዳት አስተምሯል። ሚጣን ግን አላስተማራትም። «እኔ እያለሁላት ምን በወጣት?» ይላል።

እንግዲህ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረውን ነገር ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ ውስጥ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኃላፊ ይፈልጋል። ተወዳድራ አልፋለች። የቃለ መጠይቁን ጥያቄ የመለሰችው በስልክ ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ የማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ጋውኗን ደርባ ቆማ። በመጪው ሰኞ ጠዋት «እመጣለሁ» ካላለቻቸው ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ለወንድሟ አልነገረችውም።

አልሞከረችም እንዳትሉ። አንድ ቀን እራት ላይ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለችው። «አውቄዋለሁ፣ ጫማሽ አልቋል» አለና በማግስቱ አዲስ ጫማ ይዞላት መጣ። በልኳ ነበር፣ ደግሞ ቆንጆ ነበር፤ ይኸው ነው የሚያቃጥለው! ሌላ ቀን መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ እስቲ ስማኝ» ስትለው ግንባሯን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገና «ትኩሳት አለሽ» ብሎ መኪናዋን ወደ ክሊኒክ አዞረ። ምንም አልተገኘባትም። ቢሆንም ሦስት ቀን ሙሉ አጥሚት ቢጤ እያፈላ አጠጣት።

ነግሮ መሄድ ነዋ፣ ምን ያስፈራል ትሉ ይሆናል። የሚቆጣ ሰው ቢሆን ተቆጥታ ትወጣ ነበር። የሚከለክል ቢሆን ሾልካ ትጠፋ ነበር። ያልከለከለን ሰው ግን ምን ብለው ያመልጡታል? ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ተንጋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሲያንኮራፋ እየሰማች፣ ቃሉን ትለማመዳለች። «ጋሼ፣ ልሄድ ነው።» ሦስት ቃል። ሲነጋ ሦስቱም የሉም።

እሁድ ጠዋት ነው ነገሩ የመጣው። ወንድሟ አልፎ አልፎ ዒላማ የሚተኩስበት ክለብ አለ፤ የወንዶች መሰብሰቢያ ነው፣ ከተኩሱ ወሬው ይበልጣል። ክለቡ በዚያ ሰሞን «ስፖርት ነው፣ ሴቶችም ይልመዱት» አለና እያንዳንዱ አባል ከቤተሰቡ ተኩሳ የማታውቅ አንዲት ሴት ይዞ እንዲመጣ አሳሰበ። ወንድሟ ከማንም ቀድሞ ተመዘገበ። «ተነሽ ሚጣዬ፣ ዛሬ ትንሽ አየር ትቀበያለሽ» አላት። ክለቡ ያለው የድሮ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አየሩ ከየት እንደሚገኝ እሱ ይወቅ!

ደረጃውን ወረዱ። የብረቱ በር ከኋላቸው ድርግም ብሎ ተዘጋ፤ ሚጣ ክው አለች። መስኮት የሚባል ነገር የለም። ሲሚንቶ፣ የማሽን ዘይትና ባሩድ ይሸታል። በሳንቃ የተከፋፈሉ መተኮሻ ቦታዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ቀጠን ያለ ጠመንጃ ተጋድሟል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የወረቀት ዒላማ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ላይ ወፍራም ቢጫ መስመር ተሠምሯል፣ ከመስመሩ ኋላ የአጃቢዎች አግዳሚ አለ። ወንድሟ ቦርሳዋን ተቀብሏት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳዋን መያዝ ልማዱ ነው። ሚጣ ዙሪያውን አየች። ቤት ዝግ፣ መኪና ዝግ፣ ላቦራቶሪ ዝግ፣ አሁን ደግሞ ጉድጓድ። ወጥታ ብትሮጥ ደስ ባላት። ነገር ግን ወዴት? ቢሮጡም መኪናዋን የሚነዳት እሱ ነው።

የመጡት ሴቶች ጥቂት ናቸው። ከሚጣ አጠገብ ባሏ ያመጣት ፀጉር ሠሪ ቆማለች፤ አፏ ሥራ ፈቶ አያውቅም። «እኔን ጠመንጃ አስያዘኝ በሉ! ነገ ዘግይቶ ሲመጣ ምን ሊል ነው?» ትላለች ባሏን በአገጯ እያሳየች። ከእሷ ወዲያ ልጃቸው ጎትቶ ያመጣቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ አሉ። «እኔ ፊኛ ሲፈነዳ የምሸሽ ሴትዮ ነኝ፣ ምን ልሁን ብሎ ነው ያመጣኝ?» እያሉ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

አሰልጣኟ ገባች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯ አጭርና ሽበታም፣ ድምጿ ግድግዳ የሚያልፍ ሴት ናት።

«ስሙኝ» አለች። «ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ነው የሚቆጠረው። ባዶ መስሎኝ ነበር የሚል ሰው እዚህ አይፈለግም። አፈሙዙ ወደ ዒላማው ብቻ። ጣታችሁ ተኩሱ እስክላችሁ ቃታው ጋ ድርሽ አይልም። ያ ቀይ መብራት ሲበራ ደግሞ ከተኳሾችና ከእኔ በቀር ቢጫውን መስመር የሚያልፍ የለም። ባል ነኝ፣ ወንድም ነኝ፣ የክለቡ ሊቀመንበር ነኝ ብሎ ነገር አይሠራም፤ ያለፈ ለዕለቱ ይወጣል።»

«ሽንቴ ቢመጣስ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አሁን ሂጂና ነይ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። አሰልጣኟ አልሳቀችም፣ ቀጠለች። «አንድ የቤታችን ልማድ ደግሞ አለ። አደጋ ያየ ማንም ሰው፣ ዛሬ የመጣችም ብትሆን፣ ‹ቁም!› ብላ ትጮኻለች። ሁላችንም ጠመንጃ አስቀምጠን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ያስቆመችው ሴት ሁሉም እንዲሰማ ምክንያቷን ትናገራለች። እሷ ‹ጨርሻለሁ› እስክትል ማንም አይተኩስም፤ እኔም ብሆን። አፍራ የዋጠችው ነገር ሰው ይገድላል፤ ለዚህ ነው።»

ከዚያ በየተራ መጣች። ሚጣ ጋ ስትደርስ «አንቺ በየትኛው ዐይንሽ ነው የምታነጣጥሪው?» አለቻት።

ሚጣ አፏን ሳትከፍት «በቀኟ ነው» አለ ወንድሟ ከአግዳሚው።

አሰልጣኟ ዞር ብላ አየችው። «ይቅርታ መምህር፣ ዐይኑ የማን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ቅር አይለውም እኮ! ቅር የሚለው ሰው ቢሆን ምንኛ በቀለለ። አሰልጣኟ ሚጣን ሁለት እጇን አስዘርግታ በመዳፎቿ መካከል ትንሽ ቀዳዳ አሠራቻት፣ በቀዳዳው ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ያለውን አምፖል አሳየቻት። «ቀኝሽን ጨፍኚ።» አምፖሉ ቦታው ላይ ነው። «አሁን ግራሽን ጨፍኚ።» አምፖሉ ጠፋ።

«የግራ ዐይን ሰው ነሽ» አለች አሰልጣኟ።

«ኧረ ቀኝ ናት!» አለ ወንድሟ። «በቀኟ ነው የምትጽፈው፣ በቀኟ ነው የምትበላው፤ እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኋት!»

«እጅ ሌላ ዐይን ሌላ ነው መምህር» አለችና ጠመንጃውን ከጠረጴዛው አንስታ በግራ ትከሻዋ በኩል አስያዘቻት። ሚጣ ተገረመች። ዕድሜ ልኳን ይዛው የኖረችው ዐይን ነው፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም፣ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ቀይ መብራቱ በራ። ወንድሟ ከኋላ ያስተምራል። «ክርንሽን ከፍ! ቀስ! አትቸኩዪ፣ ተንፍሺ፣ ትከሻሽን…» ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጆሮ መከላከያ አንስታ ጆሮዋ ላይ ደፋች።

ጸጥ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ ድምፅ ተቋረጠ። ዞር ብላ ስታይ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አፈረች፣ ከዚያ ደስ አላት። ደስታዋን አልደብቅም፤ ደስ ብሏት ልትሞት ነበር። ፊቷን ወደ ዒላማው መለሰች። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አጠበቀች፣ ጉንጯን አስደገፈች። እጇ ማይክሮስኮፕ ሥር የለመደ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ግማሽ ትንፋሿን አውጥታ ግማሹን ያዘችና ቃታውን ቀስ ብላ ሳበች። ጠመንጃው ትከሻዋን ጎሸም አደረጋት። የጥይቱ ቀለህ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አሰልጣኟ በአቅራቢ መነጽሯ ወረቀቱን አየችና አውራ ጣቷን ቀሰረችላት። ሚጣ ደገመች፣ ሠለሰች። ብቻዋን ሳቀች። ከጎኗ ፀጉር ሠሪዋ በተኮሰች ቁጥር ትዘላለች፣ አዋላጇ ደግሞ፣ እኒያ ፊኛ የሚፈሩት ሴትዮ፣ አፍንጫቸውን ነፍተው ጥይቱን አንዱን ባንዱ ላይ ይደራርቡታል።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ሐሳቡን በጆሮ መከላከያ አይዘጋውም። «ይሄ ሲወልቅስ?» አለች በልቧ። ሲወልቅ ድምፁ ይመለሳል። መኪናው ውስጥ እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች። ማታ ከግድግዳው ወዲያ ያንኮራፋል። ነገ ጠዋት ስልክ ሳትደውል ሰዓቱ ያልፋል፣ እሱም ምንም ሳያውቅ ጋውኗን ካውያ ያደርጋል፣ ደግ ሆኖ፣ ንጹሕ ሆኖ። እዚህ ስትደርስ ክንዷ ዛለ፣ ክርኗ ዝቅ አለ።

አሁን ወንድሟ ያደረገውን ስሙ። አትፍረዱበት፤ የሥራው ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ አጠገብ የተቀመጠ ሰው መሪው ትንሽ ሲያጋድል እጁ ከሐሳቡ ቀድሞት ይሄዳል፣ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ከጠዋት ጀምሮ ሚጣ በተኮሰች ቁጥር ቀኝ እግሩ የአዳራሹን ወለል ሲረግጥ ነበር። ክርኗ ዝቅ ሲል ደግሞ ተነሣ። ቀይ መብራቱን አላየም፣ ቢጫውን መስመር አላየም። መሪ ያጋደለበት ተማሪ ነው ያየው። ከኋላዋ ደርሶ በቀኝ እጁ ክርኗን ጨበጠና ወደ ላይ አነሣው።

ሚጣ ጣቷ ቃታ ላይ ነበር። አፈሙዙ ተንሸራቶ ሳንቃውን አለፈና ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረ። ፀጉር ሠሪዋ አላየችም፣ ዒላማዋን እያየች ነው። ሚጣ ጣቷን ከቃታው ነቀለች፤ እንዴት እንደነቀለችው እስከ ዛሬ አታውቅም። ከሆዷ ውስጥ የጆሮ መከላከያ የማያግደው አንድ ድምፅ ወጣ።

«ቁም!»

ጠመንጃዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መከላከያው ከየጆሮው ተነሣ። ወንድሟ አሁንም ክርኗን እንደያዘ ነው። እጁን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ለቀቃት፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን አስቆመ?» አለች አሰልጣኟ።

«እኔ» አለች ሚጣ።

«ምክንያት።»

«ጋሼ መስመሩን አልፎ ክንዴን ያዘኝ። አፈሙዙ ወደ እሷ ዞሮ ነበር።»

«ወይኔ እናቴ!» ብላ ፀጉር ሠሪዋ ደረቷን ያዘች።

«ጨረስሽ?» አለች አሰልጣኟ። ልማዱ ነው፣ ያስቆመች ሁሉ ትጠየቃለች። «ጨርሻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ሁሉም ሰው ቆሞ ይጠብቃታል፤ የሚያቋርጣት የለም፣ ሊያቋርጣት የሚችልም የለም፣ እሱ እንኳ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሌላ የት ታገኛለች?

«አልጨረስኩም» አለች። «ሥራ አግኝቻለሁ። ሌላ ከተማ። ለነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋሉ፣ እመጣለሁ ልላቸው ነው። ጋሼ፣ ልሄድ ነው።»

ወጣ! ሦስቱም ቃል ወጣ። የዕድሜ ልክ ሸክም የወረደላት መሰላት። ከዚያ፣ ጉድ በሉ፣ የወንድሟ ፊት በራ።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለ። «አንቺ ልጅ፣ በድንጋጤ ገደልሽኝ እኮ! ማን ከለከለሽ? እደጊ፣ ተመንደጊ! እኔም እመጣለኋ! ቤት እንከራያለን፣ መኪናዋን ይዘን እንሄዳለን። መንዳት የማይማር ሰው ያለበት ከተማ አለ? ብቻሽን ልሰድሽ መስሎሽ ነው እንዲህ የተሳቀቅሽው? የእኔ ሞኝ!»

አጨበጨቡ! ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ወንዶች አጨበጨቡ። «እንዲህ ያለ ወንድም!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ አሁን ሊያስገድላት የነበረውን ሰው ይቅር ብላ እንባዋን እየጠረገች። ሚጣ የብረቱ በር ሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ የሰማች መሰላት። አዲሱ ከተማ ታያት፤ አዲሱ ሁለት ክፍል ቤት፣ አዲሱ ግድግዳ፣ በሩ ሥር ያለው ሶፋ። የአዲሱ ሆስፒታል ሰዎችም ሚጣ ሲሏት ሰማች። የአንድ ቀን መንገድ ተጉዛ እዚያው ልትቀመጥ ነው። እንዲህ ያለውን ፍቅር በጭብጨባ መካከል እምቢ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ውለታ ቢስ ነው። ከሃዲ ነው። አፏ «እሺ ጋሼ» ሊል ተከፈተ።

አሰልጣኟ ብቻ አላጨበጨበችም። «ጨረስሽ?» አለች፣ እንደ መጀመሪያው፣ በዚያው ድምፅ።

«አልጨረስኩም።»

ጭብጨባው እየሳሳ ቆመ። ሚጣ ወደ ወንድሟ ዞረች። እያለቀሰች ነበር፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«አትምጣ፣ ጋሼ።»

«ምን አለች?» አለ እየሳቀ፣ ሌላ ሰው የሚተረጉምለት ይመስል ዙሪያውን እያየ።

«አትምጣ። ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ንገሪኝ እንጂ። ሰው ፊት ነው ብለሽ አትፈሪ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም! አንድ ቀን እንኳ መትተኸኝ ቢሆን ድሮ እሄድ ነበር። አንድ ቀን አትወጪም ብለኸኝ ቢሆን ወጥቼ እጠፋ ነበር። አላልክም። የሚያስፈልገኝን ሁሉ ሳልጠይቅ ሰጠኸኝ፤ ሳልጠማ አጠጣኸኝ፣ ሳልናገር መለስክልኝ። እወድሃለሁ ጋሼ፣ ግን መተንፈስ አቃተኝ። አንተ የት እንደምትጨርስ፣ እኔ የት እንደምጀምር አላውቅም።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጨርሻለሁ» አለች ለአሰልጣኟ።

አሰልጣኟ ወደ ወንድሟ ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መምህር፣ ደንቡን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ፣ ልክ ነው።» ወደ በሩ ሄደ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ካወጣ በኋላ የእህቱን ቦርሳ ብብቱ ሥር እንደያዘ ታወቀው። ተመለሰ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠላት፣ እንዳይወድቅ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገው። ከዚያ ወጣ።

«ትቀጥያለሽ?» አለቻት አሰልጣኟ።

ቀጠለች። የቀሯትን ጥይቶች ሁሉ ተኮሰች፣ አንዱም ወረቀቱን አልነካም። እንባ ያለበት ዐይን ምን ያነጣጥራል? አዋላጇ ከወዲያ በኩል መጥተው ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት። ቀይ መብራቱ ሲጠፋ ጠመንጃዋን ባዶ መሆኑን አሳይታ አስቀመጠችና ቦርሳዋን ራሷ አንግታ ደረጃውን ወጣች። ሄዶ ይሆን? እያለች ወጣች። እንዲሄድ ፈለገች፣ እንዳይሄድም ፈለገች፤ ሁለቱም እኩል አንጀቷን በሏት።

አልሄደም። መኪናዋ አጠገብ ቆሟል፣ እንደ ሁልጊዜው በሩን ከፍቶላታል። ዐይኑ ቀልቷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያረጀ መሰላት። ሮጣ ልታቅፈው፣ ይቅር በለኝ፣ ቀልዴን ነው ልትለው ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ ብትነካው ኖሮ አብቅቶላት ነበር፣ እሷም ታውቃለች። ራቅ ብላ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አላት።

«በአውቶቡስ እመጣለሁ።»

«በአውቶቡስ?» መንገዱን አየ፣ እሷን አየ። «ወደ ቤት የሚሄደው የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ያ ባለ…» ብሎ ጀመረ። እጁ ወደ ማዶ ወደ ፌርማታው ተነሥቶ ነበር። አየር ላይ አቆመው። አፉን ገጠመ፣ መንጋጋው ሲላወስ ታየ። ቃሉን ሲውጠው ያስታውቃል፤ እንደ አጥንት ነው የወረደለት። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ጠይቂ» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ። «ሰው ጠይቂ፣ ይነግሩሻል።»

የከፈተላትን በር ዘጋው። በሌላው በኩል ዞሮ ገባና መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ።

ሚጣ መንገዱን ተሻገረች። ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ተነፋባት። ፌርማታው ላይ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ቆማለች። ሚጣ ጠጋ አለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ሴትዮዋ አዘነችላት መሰል፣ ቀድማ አናገረቻት።

«እህቴ፣ የት ነው የምትሄጂው?»

ሚጣ የሚመልስላት ያለ ይመስል ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማንም የለም። ሴትዮዋ መልሷን ትጠብቃለች።